ወደቀ ወይስ ተንበረከከ

ነቀምቴ፣ ግንቦት ፮ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለተረፋ ነመራ
ህንድ አገር፣ ፑና

ሰላም ላንተ ይሁን። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከዚህ ቀጥዬ የሰው አገር ክፉ አይንካህ፣ የድንግል ልጅ ይከተልህ እል ነበር። ዛሬ እጄ እንቢ አለኝ።

መርዶው የደረሰኝ ሚያዝያ ፳፭ ቀን ሰኞ፣ የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ነው። ሊነጋጋ ሲል በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አባትህ ነመራ ከዲጋ ሽማግሌዎች ጋር ቆሟል፤ ጋቢውን አዘቅዝቆ ለብሷል። ገና ሳየው ገባኝ። የእናቴንም የአባቴንም መርዶ ሰምቻለሁ፤ የልጅ ግን እንዲህ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ከደጃፌ እስከ ጎረቤቴ አጥር ድረስ እንደሄድኩ ይነግሩኛል፤ እኔ አላስታውስም።

ጃራዬ እዚያ የሞተው መጋቢት ፳፬ ቀን ነው። ቴሌግራሙ አባትህ እጅ የገባው ከሆሳዕና በፊት ነው። በበዓል መርዶ አይነገርም ብለው ደበቁኝ። እኔም ጾሜን ፈታሁ፤ በግ አሳረድኩ። አባትህ ለበዓሉ መጥቶ ከቤቴ በላ። «እንኳን አደረሰሽ፣ የጃራ ደብዳቤ ደርሶሻል ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ልጄ ከሞተ ሃያ አራተኛ ቀኑ ነበር። ይህን ለአባትህ በአፌ ነግሬዋለሁ፤ ላንተም በጽሑፍ ይኑርህ።

የሚብሰው ግን ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። ለቅሶው በረድ ሲል ሰዉ አሟሟቱን ጠየቀ። አባትህ አንተ በኦሮምኛ የጻፍክለትን ደብዳቤ ከኪሱ አውጥቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። ጃራ ልትጎበኙ በሄዳችሁበት ኮረብታ ላይ፣ ከጣዖት ቤት ደጃፍ፣ «ጅልቤንፈቴ» ይላል። ተንበረከከ፤ ከዚያም አልተነሣም። እኔ የጎጃም ሰው ልጅ ብሆንም ኦሮምኛ ያፌ ቋንቋ ነው፤ ባሌ ጨመዳ፣ ነፍሱን ይማር፣ ሌላ ቋንቋ አያወራኝም ነበር። በእናንተ ጸሎት ቤት «ጅልቤንፈቴ» ሲባል ጉልበቱን አጠፈ ማለት ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ጸለየ ማለት ነው። አልቃሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

መምሬ ገብረክርስቶስ ፍትሐት ሊያደርሱ መጽሐፋቸውን ይዘው መጥተው ነበር። መጽሐፉን መልሰው ከማኅደሩ ከተቱት። «የሺአረግ፣ በጣዖት ፊት ተንበርክኮ ለሞተ ሰው ምን ብዬ ልፍታ? ያየ ምስክር አስተባብሎ ይጻፍልሽና ያን ጊዜ እኔው እቆምለታለሁ» አሉኝ። ምስክሩ አንተ ነህ። አርባው ግንቦት ፫ ቀን ነበር፤ ያለ ፍትሐት፣ ያለ ተዝካር አለፈ። ትናንት ገበያ ወርጄ ቅቤ ስጠይቅ ወርቂቱ፣ አንተም ታውቃታለህ፣ «ለበሬው ልትቀቢው ነው?» አለችኝ። እዚያ የድንጋይ በሬ እንዳለ ካንተ ደብዳቤ ሰምታ ነው።

እንግዲህ ንገረኝ። ተንበረከከ ወይ? ምን ሲያደርግ? ሬሳውስ ተቀበረ ወይስ እንደዚያ አገር ሰው በእሳት ሄደ? ሦስት ዓመት እዚሁ ጨለለቂ ሰፈር ከቤቴ ተቀምጠህ ስትማር ሃርሜ ትለኝ ነበር፤ እናቴ ስትለኝ ነው። በዚያ ስም መልስልኝ።

የጃራ እናት፣ የሺአረግ


ፑና፣ ሰኔ 9 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለተከበሩ ሃርሜ፣ ወይዘሮ የሺአረግ

በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ኀዘንተኞችን የሚያጽናና አምላክ እርስዎንም ያጽናናልኝ። እኔ ከትምህርት ብዛት በቀር ደህና ነኝ።

ስለጠየቁኝ ጉዳይ የሆነውን በአጭሩ አስረዳለሁ። ኮሌጃችን በየዓመቱ ከውጭ አገር ለመጣን ተማሪዎች የአንድ ቀን ጉብኝት ያዘጋጃል። ከኢትዮጵያ የመጣነው ስድስት ነበርን። በአውቶቡስ ማለዳ ተነሣን። አስጎብኚው ታሪክ የሚያውቅ የተማረ ሰው ነው። በመጀመሪያ ሜዳው ላይ ያሉትን ሁለት ጥንታውያን ቤተ መቅደሶች አሳየን፤ ግድግዳቸው በሙሉ በዝሆንና በጭፈራ ምስል የተቀረጸ ነው። ወደ ቀትር ገደማ ወደ ኮረብታው ሄድን። መውጫው ከድንጋይ የተጠረበ ደረጃ ነው፤ እጅግ ብዙ ነው። ከመንገዱ አጋማሽ ላይ ከአንድ ጎጆ የሚበልጥ የድንጋይ በሬ ተኝቷል፤ ዘይት ሲቀቡት ኖረው ጠቁሯል። ከጎኑ ቤተ ጣዖት አለ። ወደዚያ የሚገባ ሁሉ ጫማውን ያወልቃል። ጃራም ጫማውን አወለቀ፤ በበሩም ላይ ተንበረከከ። በልቡ የነበረውን አላውቅም፤ ልብን የሚመረምር አንድ እግዚአብሔር ነው። እኔ ያየሁትን ለአባቴ ጻፍኩ፤ ያላየሁትን አልጨመርኩም።

ኮረብታው ጫፍ ላይ ሌላ ትልቅ ቤተ መቅደስ አለ። ከዚያ ሆኖ ሲታይ ከተማውና ወንዙ እንደ ካርታ ተዘርግተው ይታያሉ። ስንመለስ ጃራ አርፎ ነበር። ሐኪሙ የልብ ድካም ነው ብሎ ፈርሟል። በክርስቲያኖች መቃብር፣ በሣጥን፣ በክብር ተቀብሯል። አልተቃጠለም፤ በዚህ ይረጋጉ።

ስለ ፍትሐቱ ግን፣ ሃርሜ፣ በድፍረት አይቁጠሩብኝና፣ ሰው ከሞተ በኋላ የሌላ ሰው ጸሎት የሚለውጠው ነገር እንደሌለ መጽሐፍ ያስተምራል። ስለዚህ ጉልበትዎን በከንቱ አይጨርሱ። ለኮሌጁም ሆነ ለሌላ ክፍል ስለዚህ ነገር እንዳይጽፉ አደራ እላለሁ፤ የሁላችንንም የትምህርት ዕድል ሊያበላሽ ይችላል።

ልጅዎ ተረፋ ነመራ


ነቀምቴ፣ ሐምሌ ፭ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለተረፋ ነመራ

ሰላም ነህ ወይ? ደህና ነኝ ብለሃል፤ እንግዲያ አልጠይቅህም።

አልተቃጠለም ስላልከኝ እግዚአብሔር ይስጥህ። የማመሰግንህ ይህን አንድ ነገር ብቻ ነው። ደብዳቤህን ዐሥር ቀን ሙሉ አነበብኩት። እኔ ፊደል የለየሁት ከደብሩ ጥላ ሥር ከሕፃናት ጋር ተቀምጬ ነው፤ ቶሎ አላነብም። ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው ግን አንዱንም ቃል አይዘልም።

ወንዙንና ከተማውን እንደ ካርታ አየሁ ትላለህ። ልጄ በሬው ዘንድ ወድቆ አንተ ከኮረብታው ጫፍ ምን ትሠራ ነበር? እስከ በሬው ድረስ «ሄድን፣ አሳየን» እያልክ መጥተህ፣ ከበሬው በላይ ጃራ የለበትም። ስትመለሱ ብቻ፣ አርፎ፣ ይገኛል። ተረፋ፣ አብሮ አደግህን ማን ዘንድ ተውከው?

ጫማውን አወለቀ ብለህ ደግሞ እንደ ኃጢአት ጽፈህብኛል። እኛ ደብራችን ስንገባ ጫማ አናወልቅም ወይ? ልጄ የተቀደሰ ነው በሚባል ቦታ ጫማ ማውለቅን ከኔ ተማረ። ከነጫማህ የምትገባው አንተ ነህ።

ተማሪ ቤት የሚያስተምር ሚስተር ቻኮ የሚባል ህንዳዊ አለ፤ አንተ ከሄድክ በኋላ የመጣ ነው። ክርስቲያን ነው፤ እንደኛው ይጾማል። ሄጄ ደብዳቤህን አስተርጉሜ ነገርኩት። የዚያ አገር ሰው ጣዖቱን ሲሳለም ገብቶ በፊቱ ሁለት እጁን ገጥሞ ነው፤ ደጃፍ ላይ ተንበርክኮ የሚቀር አላየሁም አለኝ። ቀጥሎም ወሩን ጠየቀኝ። መጋቢት መጨረሻ ስለው ራሱን ነቀነቀ። በዚያ ወር በቀትር ያን ደረጃ እኛም አንወጣውም አለ።

መጋቢት ፳፬ ዓርብ ነበር፤ ዐቢይ ጾም ነው። ልጄ በዚያ ቀን ምን ቀምሶ ነበር? ውሃስ? ይህን ጻፍልኝ። ለኮሌጁ አትጻፊ ያልከኝን ሰምቻለሁ፤ የጻፈው ሚስተር ቻኮ ነው፣ እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም።

የሺአረግ


ፑና፣ ነሐሴ 16 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለወይዘሮ የሺአረግ

ጤና ይስጥልኝ።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆይቷል። ፈተና ስለነበረብኝ ብቻ ሳይሆን ምን እንደምመልስ ስለቸገረኝ ዘገየሁ። ኮሌጁ ጠርቶ ጠይቆኛል፤ ደስ ይበልዎት።

ምን ቀምሶ ነበር ብለው ጠይቀዋል። ምንም አልቀመሰም። አውቶቡስ ውስጥ ሁላችንም በላን፤ እዚህ አገር ሥጋም ወተትም የሌለበት ምግብ ሞልቷል፣ የጾም ነው፣ ብላ አልነው። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አልበላም አለ። ውሃ እንኳ ሲሰጡት ሰዓቱን አሳይቶ መለሰ። ለምን እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ። ከኪሱ የወጣው ደብዳቤ የእጅ ጽሑፍዎ ነው፤ እኔ ዘንድ አለ። «በሰው አገር ነኝ ብለህ ጾምህን ብትሽር እኔም እናትህ አይደለሁም» ይላል። እንግዲህ ገዳይ የሚፈልጉ ከሆነ ፑና ድረስ አይልፉ። ጨለለቂ ይፈልጉ።

ስለ ጣዖቱ የጻፍኩትን አልለውጥም። ከእንግዲህ ባይጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

ተረፋ ነመራ


ነቀምቴ፣ ጳጉሜን ፫ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለተረፋ

አዎ፣ እንዲያ ብዬ ጽፌለታለሁ። አባቱ ሞቶ ብቻዬን ያሳደግኩት ነው፤ በሩቅ አገር እንዳይጠፋብኝ የያዝኩት በዚያ ገመድ ነበር። ደብዳቤህን ካነበብኩ ጀምሮ ውሃ ባነሣሁ ቁጥር እጁን ዘርግቶ ሰዓቱን ሲያሳይ ይታየኛል። ልታቆስለኝ ነው የጻፍከው፤ አቁስለኸኛል። የኔን እኔ ለንስሐ አባቴ ተናግሬ ተቀብያለሁ። አሁን ያንተን እንነጋገር።

ለሚስተር ቻኮ መልስ መጥቶለታል። የጻፈው ያ አስጎብኚ ነው፤ ኮሌጁ የሚስተር ቻኮን ደብዳቤ ሰጥቶት። ሚስተር ቻኮ አንድ በአንድ ነገረኝ፣ እኔም እንደ ነገረኝ ጻፍኩት። ልጅሽ በሬው ዘንድ ሳይደርስ ሁለት ጊዜ ተቀመጠ ይላል። በሁለተኛው ጊዜ ለጓደኛው ለተረፋ እጁን ዘረጋ፤ ደግፈኝ ማለቱ እንደሆነ ቋንቋ ባላውቅም ገባኝ ይላል። ጓደኛው በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገረ፤ የአገሩ ልጆች ሁሉ ሳቁ። ልጅሽም ሊስቅ ሞከረ። ከዚያ በራሱ ተነሥቶ እስከ ደጃፉ ሄደ፤ ያን ጊዜ ወደቀ። አንድ ሰው አብሮት ይቅር ብዬ ተናገርኩ፤ ሌሎቹ ጫፉን ሳናይ አንመለስም ብለው ከረዳቴ ጋር ወጡ። እኔ ወደ ጥላው አስገብቼ በውሃ ፊቱን አራስኩ፣ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ቆየሁ ይላል። ሌላ የማደርገው አልነበረኝምና ይቅርታ ብሏል።

በልጄ ላይ ጣዖት አመለከ ብለህ ጻፍክበት፤ ራሱን በጭኑ የያዘለት ጣዖት የሚያመልከው ሰው ሆነ። አንተ ወንዝ ታይ ነበር።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። ምን ብለህ ነው ያሳቅካቸው? ቃሉን ጻፍልኝ። ካልጻፍክ የአስጎብኚውን ወረቀት ይዤ ዲጋ፣ ለአባትህ ጸሎት ቤት ሽማግሌዎች አነባለሁ።

የሺአረግ


ፑና፣ ጥቅምት 2 ቀን 1958 ዓ.ም.

ሃርሜ፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ ቀድጃለሁ።

ያልኩት ይህ ነው፤ «ሶምኒ ኬ ሲ ሃ ባቱ»። ጾምህ ይሸከምህ አልኩት። እጁን ዘርግቶ ነበር፤ እኔም ደክሞኝ ነበር፣ ሙቀቱም አናዶኝ ነበር። ከማለዳ ጀምሮ በጾሙ ስናሾፍበት ነው የዋልነው። መነኩሴው እያልን። እሱም አብሮን ይስቅ ነበር፤ ጃራን ያውቁታል፣ አይቆጣም። ጾምህ ይሸከምህ ስለው ሁሉም ሳቁ። እሱም «እሺ፣ እሱው ይሸከመኛል» ብሎ ተነሣ። የሰማሁት የመጨረሻ ቃሉ ይህ ነው።

ደጃፉ ላይ የጫማውን ክር ሊፈታ ጎንበስ አለ፣ በጉልበቱ ተደፋ፣ ከዚያ በጎኑ ወደቀ። የሚያስመስል መስሎኝ «ተነሥ፣ ሰው ይስቅብናል» አልኩት። አስጎብኚው እናንተ ውጡ፣ አንድ ሰው ይቅር ሲል እኔን አየኝ። ሌላ ሰው ይቀራል ብዬ ወጣሁ። አምስታችንም እንዲያ ብለን ወጣን። ጣዖቱን እሱ አላየውም፣ ሃርሜ። በሩን አላለፈም። እዚያ ገብቶ ያየው እኔ ነኝ፤ ፎቶግራፍም አንሥቻለሁ።

ለአባቴ ስጽፍ መጀመሪያ «ኩፌ» ብዬ ነበር፤ ወደቀ። ቃሉን ካየሁት በኋላ አባቴ የሚጠይቀኝ ታየኝ፤ ሲወድቅ አንተ የት ነበርክ ይለኛል። ሰረዝኩና «ጅልቤንፈቴ» አልኩ። በጉልበቱ ተደፍቶ ስለነበር ሐሰት አይደለም ብዬ ራሴን አታለልኩ። የተንበረከከን ሰው ማንም ለምን አልደገፍከውም ብሎ አይጠይቅም። ፍትሐት እንደሚከለከል ግን አላሰብኩም። ወይም አስቤ ይሆናል፤ እናንተ በዚያ ስለምታምኑ እኔን አልከበደኝም።

ይህን ለመምሬ ገብረክርስቶስ ያሳዩ። የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፤ አባቴ እንዳያየው። ሌላው ሁሉ ይሁን፤ እሱ አይየው።

ተረፋ


ነቀምቴ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ለተረፋ ነመራ፣ እዚያ ላሉት የአገሬ ልጆች ሁሉ

እግዚአብሔር ከበሽታና ከክፉ ቃል ይጠብቃችሁ። ከክፉ ቃል ያልኩት አስቤ ነው።

ተረፋ፣ ደብዳቤህን ለአባትህ አሳይቻለሁ። የመጀመሪያውን ያነበበው በለቅሶዬ ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት ነበር፤ ይህንንም በዚያው ሰው ፊት እንዲያነበው ዲጋ ድረስ ሄጄ ይዤው መጣሁ። ተለማምነኸኝ ነበር። ልጄም እጁን ዘርግቶ ለምኖሃል።

ነመራ ቆሞ ማንበብ ጀመረ። «ጾምህ ይሸከምህ» ከሚለው ሲደርስ ድምፁ ወረደ፤ ግን አነበበው። «ኩፌ» የምትለው ቃል ላይ ቆመ። መነጽሩን ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ አልወጣውም። ወረቀቱን ከእጁ ወስጄ የቀረውን እኔ አነበብኩት፤ ቃል በቃል፣ እንደ ሕፃን እየቆጠርኩ። ማንም አላቻኮለኝም። ስጨርስ ነመራ «የሺአረግ፣ ያን ፋሲካ ከቤትሽ መብላቴ ሳያንሰኝ» ብሎ ጀምሮ ተወው። እኔም አላስጨረስኩትም። ወርቂቱ አንገቷን ደፍታ ነበር፤ እሷም ገበያ ላይ ለምታገኘው ሰው ትንገርልኝ።

መምሬ ገብረክርስቶስ መጽሐፋቸውን ከማኅደሩ አወጡ። ከኅዳር ሚካኤል ማግስት ጠዋት ፍትሐቱ ደረሰ። አርባውም፣ ሰማንያውም፣ መንፈቁም አልፎ ነበር፤ ግን ደረሰ። ነመራ መጥቶ ከአጥሩ ውጪ ቆመ። ግባ አላልኩትም፣ ሂድም አላልኩትም። መምሬ ኋላ ጠርተውኝ «እንግዲህ ልጁንም ይቅር በይው» አሉኝ። «የዛሬው ፍትሐት የጃራ ነው፤ የተረፋን ሌላ ቀን እናየዋለን» አልኳቸው። ያ ቀን ገና አልመጣም። ይመጣል ብዬም አልዋሽህም። ከእንግዲህ ሃርሜ አትበለኝ፤ ያን አስጎብኚ ግን ፈልገህ አግኘውና እናቱ እጅህን ትስማለች በልልኝ።

ይህን ደብዳቤ ብቻህን አታንብበው። በዚያ ቀን የነበራችሁ ልጆች ሁሉ በተሰበሰባችሁበት ይነበብ። ከናንተ ማን እንደሳቀ ማን እንዳልሳቀ አላውቅም፤ አልጠይቅምም። ተነሥታችሁ መቃብሩ ድረስ ሂዱ። እኔ አላየሁትም፣ በሕይወቴም አላየውም፤ የናንተ ዐይን ይየው። ሣር በቅሎበት እንደሆን ንቀሉለት።

ከዚያ አንድ ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት በሉለት። ይህ ወረቀት እጁ የገባ ሌላ ሰውም ቢሆን፣ የማያውቀኝም ቢሆን፣ እንዲሁ ያድርግልኝ። ጃራ አባቱ ያወጣለት ስም ነው። በክርስትና ስሙ ወልደ ኪዳን ይባላል፤ በአርባ ቀኑ ካህኑ ሲጠሩት ሰምቼ ይህን ያህል ዘመን ለሌላ ሰው ሳልናገር የያዝኩት ስም ነው። አሁን ለናንተ ሰጠሁ። የወልደ ኪዳንን ነፍስ ማርልን፣ ወድቆ የሚያነሣው አጥቶ ነበርና አንተ አንሣው በሉልኝ።

እናቱ የሺአረግ